ስም ከወጣለት በኋላ ሰውየውን ማን ያየዋል?

ጥያቄ፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ የሰውን ጠባይ መታዘብ እወዳለሁ። በምሠራበት ቢሮ ለእያንዳንዱ ባልደረባዬ ቅጽል ስም አውጥቻለሁ። ሁልጊዜ የሚያረፍደውን ‹መንገድ ላይ ነኝ›፣ ነገሩ ከሆነ በኋላ ‹ብዬ ነበር› የሚለውን ‹ነቢዩ›፣ ሥራው ሁሉ በእኔ ጫንቃ ላይ ነው የምትለውን ‹ምሰሶዋ›፣ ሌላው እንዲናገር ፋታ የማይሰጠውን ደግሞ ‹ሬዲዮ› እላቸዋለሁ። የታዘብሁትን በደብተር እጽፋለሁ፤ በእረፍት ሰዓትም እየተረክሁ ሰዉን አስቃለሁ። ‹አንቺ እኮ ሰውን ታነቢዋለሽ› ይሉኛል። ባለፈው ሰሞን ግን አንዲት ዝምተኛ ባልደረባዬ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ፣ ‹ለእኔስ ማን የሚል ስም አወጣሽልኝ?› ብላ ቀስ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ። አውጥቼላታለሁ፤ ለሁለት ሰዎችም ነግሬያለሁ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ ስገባ ጨዋታ የሚቋረጥ ይመስለኛል። የማየውን ነገር እንዳላየሁ መሆን አልችልም። ዓይኔን ልጨፍን ወይስ አፌን ልዝጋ? ታዛቢዋ ነኝ።»

መልስ፦

ውድ ታዛቢዋ፣

ዓይንዎን አይጨፍኑ፤ አፍዎንም ጨርሰው አይዝጉ። እንዲተዉት የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ቅጽል ስሙ ነው። ይህን የምለው ሰውን በሌለበት ስም ማውጣት ነውር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ነውርነቱን እርስዎም ያውቁታል፤ ባያውቁት ኖሮ ባልደረባዎ ስትጠይቅዎ መልስ አያጡም ነበር። የምለው፣ ቅጽል ስሙ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን ነገር፣ ሰውን አስተውሎ ማየትን ራሱን፣ ስለሚያበላሽብዎ ነው።

የሰውን ጠባይ መታዘብ ረጅም ዕድሜ ያለው ሙያ ነው። ከዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ በፊት የአርስቶትል ተማሪና የትምህርት ቤቱ ወራሽ የነበረው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ የሰውን ጠባይ በ30 አጫጭር ጽሑፎች ሥሎታል፤ ሸንጋዩ፣ ለፍላፊው፣ ቆንቋናው፣ ፈሪውና ጉረኛው ሁሉ በዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ይኸው ሰው በዕፀዋት ጥናቱም የታወቀ መሆኑን ሳስብ፣ ቅጠልን አገላብጦ መመልከት የለመደ ዓይን ሰውንም በዚያው ትዕግሥት እንዳየው ይሰማኛል። እያንዳንዱ ሥዕል በአንዲት አጭር ፍቺ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ማለት ይቻላል ድርጊት ነው። ሰውየው ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ከማን ጋር እንዴት እንደሚሆን ይነግረናል እንጂ ፍርድ እየደጋገመ አያሰለቸንም። ደግሞም ጉረኛው የማንም ጎረቤት አይደለም፤ ስም የለውም። ስለዚህ ዛሬ የሚያነበው ሰው «ይህማ እገሌ ነው» ብሎ ይጀምርና ጥቂት ቆይቶ ራሱን እዚያው ያገኘዋል። የእርስዎ ‹ሬዲዮ› ግን ጠረጴዛው የት እንዳለ ይታወቃል፤ ሲተርኩ የሰማ ሁሉ ወደዚያ ጠረጴዛ ያያል እንጂ ወደ ራሱ አይመለከትም።

«ጠባዩ ነው» የምንላት አጭር አነጋገር አለችን። ይህች ከተነገረች በኋላ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም። ለምን አረፈደ? ጠባዩ ነው። ለምን ተቆጣ? ጠባዩ ነው። ስለ ራሳችን ስንናገር ግን አንጠቀምባትም። እኛ ስናረፍድ መንገዱ ተዘግቶብን ነው፤ ስንቆጣ እንቅልፍ አጥተን አድረን ነው፤ ሰላምታ ያልመለስን እንደሆነ በሐሳብ ተውጠን ነው። ለራሳችን ምክንያት እንሰጣለን፤ ለሌላው ጠባይ እንሰጠዋለን። ኤድዋርድ ጆንስና ቪክተር ሃሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የኩባውን መሪ ፊደል ካስትሮን የሚደግፉና የሚቃወሙ ጽሑፎችን ለተማሪዎች አስነብበው ነበር። ጸሐፊው አቋሙን የያዘው ወዶ ሳይሆን ታዝዞ መሆኑ በግልጽ ሲነገራቸው እንኳ፣ አንባቢዎቹ የድጋፉን ጽሑፍ የጻፈው ሰው በልቡም ደጋፊ ነው ወደሚል ግምት አዘነበሉ። ሰውየው ይታያል፤ ትእዛዙ አይታይም። እርስዎም በቢሮ ውስጥ የሚያዩት ሰውየውን ነው። ያዘዘው ነገር ብዙ ጊዜ ቤቱ ቀርቷል።

‹መንገድ ላይ ነኝ› ብለው የሰየሙትን ሰው እንመልከት፤ እርሱ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አርፋጅን ያህል በቀላሉ የሚፈረድበት ሰው የለም። ንቀት ነው ይባላል፤ ለሰው ጊዜ ግድ የለውም ይባላል። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ የሮጀር ቢውለርና የባልደረቦቹ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡ 37 ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቋቸው ነበር። በአማካይ 33.9 ቀን እንደሚፈጅባቸው ገመቱ። ሁሉ ነገር እጅግ ቢበላሽባችሁስ ሲባሉ ግምታቸው ወደ 48.6 ቀን ከፍ አለ። የፈጀባቸው ግን በአማካይ 55.5 ቀን ነበር። የክፉ ቀን ግምታቸው እንኳ ከሆነው አነሰ ማለት ነው። እነዚህ ተማሪዎች ማንንም አልናቁም፤ የዘገዩት በራሳቸው ሥራ ላይ ነው። ሰው ስለ መጪው ጊዜ ሲያስብ ነገሩ እንዴት እንደሚሳካ ይታየዋል እንጂ ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ እንደዘገየ ወደ ልቡ አይመጣም። ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ደግሞ ያለፈውን ስለሚያስታውስ የሌላውን መዘግየት አስቀድሞ ያውቀዋል። ባልደረባዎ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ከእርሱ ይልቅ እርስዎ በትክክል መናገርዎ ከውጭ በመቆምዎ የመጣ ነው፤ የራስዎን ሥራ ማብቂያ ሲገምቱ ይህ ችሎታ አብሮዎት አይሆንም።

ያ ሰው ገና ጫማውን እያሰረ «መንገድ ላይ ነኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ሊዋሽ አስቦ አይደለም። በሐሳቡ ከቤት ወጥቷል። ቁልፉን እንደሚፈልግ፣ ደጃፍ ላይ የሚያውቀው ሰው አቁሞ ሰላም እንደሚለው፣ የረሳውን ወረቀት ሊያመጣ እንደሚመለስ በሒሳቡ አላስገባም። እኔ ብሆን በደብተሬ ላይ «ዛሬም አረፈደ» ከማለት ይልቅ «ይህ ሰው አርፍዶ የማያውቅበት ነገር ምንድን ነው?» ብዬ እጽፍ ነበር። የማያረፍድበት ነገር መኖሩ አይቀርም። ልጁን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ሊሆን ይችላል፤ ለታመመች እናቱ መድኃኒት ለመስጠት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለኳስ ጨዋታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ስለ እርሱ የሚነግሩን ነገር የተለያየ ነው፤ ‹መንገድ ላይ ነኝ› የሚለው ስም ግን ሦስቱንም ከእርስዎ ይሰውራቸዋል።

‹ምሰሶዋ› ዘንድ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ባልና ሚስትን ለየብቻ፣ ከቤት ውስጥ ሥራ የእናንተ ድርሻ ምን ያህል ነው ብለው ጠየቁ። የሁለቱ መልስ ሲደመር በአብዛኛው ከሙሉው በለጠ። ዋናው ምክንያት ሰው የራሱን ልፋት እያንዳንዱን ስለሚያስታውስ ነው፤ የደከመው ክንድ የእርሱ ነውና። የሌላው ልፋት ግን እርሱ በሌለበት ተከናውኖ ያለቀለት ነገር ሆኖ ይጠብቀዋል። ባልደረባዎ «ሥራው ሁሉ በእኔ ጫንቃ ላይ ነው» ስትል ከትውስታዋ በቅንነት እየጠቀሰች ሊሆን ይችላል። እንዲያውም እንዲህ ደጋግሞ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ማንም «በርቺ» ያላለው ሰው ነው። አንድ ቀን የሠራችውን ሥራ ለይተው ይጥቀሱላትና ያመስግኗት፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምትል ያዳምጡ። ‹ነቢዩ› የሚሉትም ቢሆን «ብዬ ነበር» የሚለው ከልቡ እያመነ ነው። የነገሩን መጨረሻ ያወቀ አእምሮ ድሮም ያውቀው የነበረ ይመስለዋል፤ ይህንን ባሩክ ፊሾፍ የተባለ ተመራማሪ በ1975 እ.ኤ.አ. በጥናት አሳይቶታል፤ እርስዎም እኔም ከዚህ ነፃ አይደለንም።

‹ሬዲዮ› ያሉት ሰው ግን ስለ ራሴ አንድ ነገር እንድነግርዎ አስገድዶኛል።

በወጣትነቴ ከአንድ አዛውንት ጋር በአንድ ክፍል እሠራ ነበር። እኒያ ሰው ወሬ ከጀመሩ አያቆሙም። ጥያቄ ብንጠይቃቸው ወደ ሌላ ታሪክ ይሻገራሉ፤ የእኛን ታሪክ ስንጀምር በመካከል ገብተው የራሳቸውን ይቀጥላሉ። እኔም ስም አወጣሁላቸው፤ ስሙን ዛሬ እዚህ ልጽፈው አልፈልግም። ከሁለት ዓመት በላይ በዚያ ስም ውስጥ አየኋቸው። በኋላ ጡረታ ሲወጡ ልሰናበታቸው ቤታቸው ሄድሁ፤ ሴት ልጃቸው በሩን ከፍታ ስታስገባኝ «በቀኝ በኩል ተቀመጥ፣ በግራ ጆሮው አይሰማም፤ በቀኙም የሚሰማው ጥቂት ነው» አለችኝ። ለካስ እኒያ ሰው ጨዋታውን ሁሉ ራሳቸው የሚይዙት ሌላው የሚናገረውን መከታተል ስላቃታቸው ነበር። የሚያወሩት ራሳቸው ከሆኑ ርዕሱን ያውቁታል፤ ሌላ ሰው ሲናገር ግን ጨለማ ውስጥ ይገባሉ። ደግመህ ንገረኝ ማለት አሳፍሯቸው ይህን ሁሉ ጊዜ በታሪክ ብዛት ሸፍነውታል። እኔ ደግሞ ራሴን ሰው አዋቂ አድርጌ እቆጥር የነበርሁት ሰው፣ ሁልጊዜ አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል እንደሚያደርጉ አይቼ ነበር፤ እንዲያውም እያስመሰልሁ አስቄበታለሁ። አይቼዋለሁ፣ ግን ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ስም ስላወጣሁላቸው የሚጠየቅ ነገር የቀረ አልመሰለኝም። ይህን ካወቅሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ባስታወስሁት ቁጥር ግን ዛሬም ልቤን ይከብደኛል።

የእርስዎ ባልደረባ የጆሮ ችግር አለበት እያልሁ አይደለም። ምናልባት ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው ሰው የለው ይሆናል፤ ምናልባት ዝምታ ያስፈራዋል፤ ምናልባትም በእውነት ራሱን ብቻ የሚወድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰውም በዓለም ላይ አለና፣ ሁሉንም ጉድለት በደግ ምክንያት እንዲሸፍኑ አልመክርዎም። ቆንቋና ሰው ቆንቋና ነው፤ ሸንጋይም ሸንጋይ ነው። ልዩነቱ እዚያ ፍርድ ላይ የደረሱት አይተው ነው ወይስ ማየት ስላቆሙ ነው የሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ ሲገቡ ጨዋታ ስለመቋረጡ ልመለስ። የሚመስልዎት ነገር ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ከሚስቁልዎት ሰዎች መካከል «እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ ምን ትል ይሆን?» ብሎ ያላሰበ የለም። ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ጆን ስኮሮንስኪና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰው ስለ ሌላ ሰው ጠባይ ሲናገር የሰሙ ሰዎች ቆየት ብለው ያንኑ ጠባይ ለተናጋሪው ራሱ እንደሚሰጡት አሳይተዋል። ስለ ሌላው ክፋት የሚያወራ ሰው ሳይታወቀው ክፋቱ በእርሱ ላይ ይለጠፋል፤ አድማጩም ለምን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ስለ ቆንቋናነት፣ ስለ ጉራና ስለ ወሬኛነት በተረኩ ቁጥር ሰሚው ከሳቁ ጋር ይዞት የሚሄደው የእርስዎን ፊት ጭምር ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂላችን ይህን ቀድሞ ያስተዋለ ይመስለኛል።

ይህን ስል መሳቅ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሰው ሲበዛ የሚያስቅ ፍጡር ነው፤ ያንን ማየት መቻልዎም ለቢሮዎ በረከት ነው። የምጠይቅዎት አንድ መመዘኛ እንዲይዙ ነው። ጨዋታውን ባለቤቱ ተቀምጦ ሊሰማው፣ ከዚያም አልፎ ከራሱ ሊጨምርበት ይችላል? የሚችል ከሆነ ይንገሩት፣ ይሳቁ። አንዳንድ ሰው የወጣለትን ስም ራሱ እየተጠራበት ይኖራል፤ እንዲህ ያለው ስም ከፍቅር የወጣ ነው። እርሱ ሲገባ የሚዋጥ ስም ግን ሌላ ነው።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሲባል ሰምተው ያውቃሉ። እርስዎ በደብዳቤዎ ለአራት ሰዎች ገጽ ሰጥተዋል፤ የራስዎ ገጽ የት አለ? ይህን የምጠይቀው ልወቅስዎ ሳይሆን፣ ያ ገጽ በራስዎ እጅ በደንብ ሊጻፍ እንደማይችል ልነግርዎ ነው። ሲሚን ቫዚር የተባለች ተመራማሪ በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ ሰው ስለ ውስጡ ስጋትና ጭንቀት ከሌላው ይልቅ ራሱ ያውቃል፤ እንደ ብልህነት ያሉ መልካም ወይም መጥፎ መባልን በሚያመጡ ጠባዮች ላይ ግን ወዳጆቹ ከእርሱ የተሻለ ያዩታል። የሚወዱዎትንና የማይፈሩዎትን አንድ ሰው ይምረጡ፤ እህት ሊሆን ይችላል፣ የቆየ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። «ጠባዬ ምንድን ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ እንዲህ ለተጠየቀ ሰው «ጥሩ ነሽ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። «ሳላውቀው የማደርገው፣ አንተ ወይም አንቺ ችላችሁኝ የምታልፉት ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ሲሰጥዎት ምክንያት ማቅረብ ይጀምራሉ፤ ሁላችንም እንጀምራለን። በዚያች ደቂቃ፣ ያ ምክንያት እውነት መሆኑን እያወቁ፣ ‹መንገድ ላይ ነኝ› የሚሉትም ሰው እንዲሁ እውነተኛ ምክንያት እንዳለው ያስታውሱ።

የቀረችው ዝምተኛዋ ባልደረባዎ ናት፤ ከሁሉ ይልቅ የምጨነቀውም ለእርሷ ነው። ጥያቄዋ መልስ ሳያገኝ ስንት ቀን እንዳለፈ አልነገሩኝም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ያነጋግሯት። ብቻዋን ስትሆን ቀርበው ስም እንዳወጡላትና ለሁለት ሰዎች እንደነገሩ ይንገሯት። ስሙን ልወቅ ካለች አይደብቁት። ሁለት ሰዎች የሚያውቁትን ስም ባለቤቷ ሳታውቀው መቅረቷ አይገባም፤ ካልነገሯትም ሌሊት ተኝታ የምታስበው ስም እርስዎ ካወጡት የከፋ ይሆናል። «ቀልድ ነው» አይበሉ። ለካሳ ብለውም ወዲያው አያሞግሷት፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚመጣ ሙገሳ ሌላ ቅጽል ስም ነው የሚመስለው። የተቀየመች እንደሆነ ትቀየም፤ መብቷ ነው። ከዚያም ወደ ሁለቱ ሰዎች ሄደው ስሙን እንደተዉትና ለእርሷ እንደነገሯት ይግለጹላቸው። ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ሊከብድዎ ይችላል፤ ግን ካላደረጉት ስሙ ያለ እርስዎ መዞሩን ይቀጥላል።

ማታ ደብተሩን ሲከፍቱ ገጿን አይቅደዱት። ስሙን ሰርዘው ከሥሩ ያን ቀን የሆነውን ይጻፉ። ጥያቄውን በሁሉም ፊት፣ እርስዎ ሲያስቁ በነበረበት በእረፍት ሰዓት ላይ ልታቀርብልዎ ትችል ነበር፤ ያኔ የሚያፍሩት እርስዎ ነበሩ። እርሷ ግን ሌሎቹ እስኪወጡ ድረስ ጠበቀች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። በደብዳቤዎ ውስጥ ይህን ራስዎ ጽፈውልኛል፤ ከዚያ ሁሉ ትዝብት መካከል ግን ምንም ሳይሉበት አለፉት።